የጥቅምት ሻምፒዮኖች

በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ ተማሪው ከየአገሩ ወደ ግቢ ሲመለስ፣ መጻሕፍቱ ገና ሳይገለጡ አንድ ክርክር ይከፈታል። ክርክሩ ስለ ፈተና ወይም ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ ቢሆን ኖሮ ባልደነቀን ነበር። የሚያከራክረው ግን በእንግሊዝ አገር ገና አምስትና ስድስት ጨዋታ የተጫወተ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ዋንጫ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ነው። አንዱ «ዘንድሮስ የእኛ ዓመት ነው» ይላል። ሁለተኛው «ቆይ እስቲ ታኅሣሥ ይግባ» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው፣ እርሱም ዘወትር ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው፣ «ሌስተርስ?» ብሎ ይጠይቅና ሻዩን ይጠጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጩኸት እንጂ ክርክር አይደለም።

እኛ የምንወቅሰው መከራከሩን አይደለም። ተማሪ ዝም ያለበት ግቢ የሚያስፈራ ግቢ ነው። የምንወቅሰው አከራከሩን ነው። ስለ አንድ ደራሲ ወይም ስለ አንድ ንጉሥ ዘመን ጽሑፍ ስናቀርብ «ማስረጃህ የት አለ?» እየተባልን የምንፋጠጥ ሰዎች፣ ከላውንጁ ደጃፍ ስናልፍ ማስረጃ የሚባለውን ነገር ከቦርሳችን ጋር አስቀምጠን የምንገባ ይመስላል።

በመጀመሪያ፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሁልጊዜ ተደባልቀው እንደሚነሡ ማመልከት እንወዳለን። አንደኛው «ይህ ቡድን በዚሁ ፍጥነት ይቀጥላልን?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «እስካሁን ያገኘው ነገር ይጠቅመዋልን?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው «አይቀጥልም» ብሎ የመለሰ ሰው ለሁለተኛውም የመለሰ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን ከሃል ሲቲ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሃል ሲቲ በ1904 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ክለብ ሲሆን ወደ እንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2008 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በታችኞቹ ሊጎች ሲመላለስ ኖሮ፣ ገና እንደ ገባ አርሴናልን በገዛ ሜዳው 2 ለ 1 ረታ፤ ቀጥሎም ቶተንሃምን እንዲሁ በሜዳው አሸነፈ። ከ9 ጨዋታ በኋላ 20 ነጥብ ይዞ ከሊጉ ፊተኞች መካከል ተሰለፈ። ጊዜው በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት ነበር። (በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ሃሎች አጥንቱን ከነሥጋው ነው ያገኙት።) ከዚያ በኋላ በቀሩት 29 ጨዋታዎች ያሸነፉት 2 ብቻ ነው። 9ኙን አቻ ወጡ፤ 18ቱን ተሸነፉ። በዚያው ታኅሣሥ በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ 4 ለ 0 እየተመሩ ለዕረፍት ሲወጡ፣ አሠልጣኙ ፊል ብራውን ተጫዋቾቹን ወደ መልበሻ ክፍል ማስገባቱን ትቶ እዚያው ሣሩ ላይ አስቀምጦ በሕዝብ ፊት ገሠጻቸው። ጨዋታው 5 ለ 1 ተፈጸመ።

እንግዲህ «አይቀጥልም» ያለው ሰው ልክ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በግንቦት፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሃል በማንቸስተር ዩናይትድ ተሸነፈ፤ በዚያኑ ሰዓት ኒውካስልም በአስቶን ቪላ ተሸነፈ። ሃል 35 ነጥብ ይዞ ቀረ፤ ኒውካስል 34 ይዞ ወረደ። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው። በጥቅምት የተሰበሰቡት 20 ነጥቦች ባይኖሩ፣ የቀሩት 15 ነጥቦች ማንንም ከመውረድ አያድኑም ነበር። ያ አጀማመር አልዘለቀም፤ ክለቡን ግን አተረፈው። ነጥብ እንደ ጤፍ ነው፤ በጥጋብ ወራት ጎተራ የገባው በክረምትም ይበላል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚሰማ ሌላ አነጋገር አለ። «ብዙ ዕድል አግኝቷልና አሁን ደግሞ ዕድሏ ፊቷን ታዞርበታለች» ይባላል። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ አስተዋይ መስለው የሚታዩት ወዳጆቻችን ስለሆኑ አነጋገሩ ይበልጥ ያሳስበናል። ዕድል የሰጠችውን መልሳ የምትጠይቅ አበዳሪ አይደለችም። ሳንቲም 10 ጊዜ ወርውረን 8 ጊዜ አንበሳው ቢወጣ፣ በሚቀጥሉት 10 ውርወራዎች የሚጠበቀው 5 ያህል አንበሳ ነው እንጂ 2 አይደለም። ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። ስለዚህ በዕድል የጀመረ ቡድን ወደ ራሱ መጠን ይመለሳል ማለት እንችላለን፤ ከመጠኑ በታች ወርዶ ዕዳውን ይከፍላል ማለት ግን አንችልም። ሃል ከዚያ በታች የወረደ ቢመስል፣ ቀድሞውንም መጠኑ ያ ስለ ነበር ነው።

አሁን ወደ ጎል አግቢዎች እንለፍ፤ ጩኸቱ ከሁሉ የሚበረታው እዚህ ላይ ነውና። በ2019 ቴሙ ፑኪ የሚባል የፊንላንድ አጥቂ ለኖርዊች በመጀመሪያዎቹ 5 ጨዋታዎች 6 ጎል አገባ፤ ከእነዚህም ሦስቱን በአንድ ቀን በኒውካስል ላይ፣ አንዱን ደግሞ ኖርዊች ማንቸስተር ሲቲን 3 ለ 2 በረታበት ዕለት። ዓመቱ ሲፈጸም የፑኪ ጎል 11 ነበር፤ ኖርዊችም የሊጉ መጨረሻ ሆኖ ወረደ። በ2022 ኤርሊንግ ሃላንድ ለማንቸስተር ሲቲ በመጀመሪያዎቹ 5 ጨዋታዎች 9 ጎል አገባ። ዓመቱ ሲፈጸም 36 ደረሰ፤ የሊጉንም ክብረ ወሰን ሰበረ።

«እንግዲያውስ አንዱ እውነት፣ ሌላው ሐሰት ነበር» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠን። የሃላንድን ቁጥር እንመርምር። በመጀመሪያዎቹ 5 ጨዋታዎች ለአንድ ጨዋታ 1.8 ጎል ያህል አግብቷል። ከዚያ በኋላ በተጫወተባቸው 30 ጨዋታዎች 27 ጎል፣ ማለት ለአንድ ጨዋታ 0.9 አገባ። ልክ በግማሽ ወረደ! በዘመናችን ከታዩት አጥቂዎች ሁሉ በዚያ ዓመት የበለጠው ሰው እንኳ የነሐሴን ፍጥነት እስከ ግንቦት ሊያደርሰው አልቻለም። እንግዲህ «ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም?» ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ ሁሉም ይቀንሳል። ፑኪንና ሃላንድን የለያቸው ከቀነሱ በኋላ የወደቁበት ወለል ነው። የአንዱ ወለል ድንጋይ፣ የሌላው ሣር ነበር። ሃላንድ ኳሱ በቅብብል እየበሰለ ከጎሉ አፍ የሚቀርብለት ሰው ነበር፤ ፑኪ ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ የሚቀርብለትን እንዳያባክን የሚጨነቅ ሰው። በዚህም ላይ የተቃራኒ ተከላካዮች ጥቂት ሳምንት ካዩት በኋላ አሯሯጡን ያጠኑታል፤ ጉዳት አለ፤ ድካም አለ፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማም የአፍሪካ ዋንጫ መጥቶ ከአንዳንዱ ቡድን ዋና ዋናዎቹን ይወስዳል።

በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ አስተውለው የሚከራከሩ ሰዎች ብናገኝ እነርሱ የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ተመልካቾች ናቸው። ለማያውቁት አንባብያን፤ ሆኪ በረጋ በረዶ ላይ፣ ስለታም ብረት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የምትባለውን የጎማ ክብ በቆልማማ ዱላ እየመቱ የሚጫወቱት ነው። የእኛ የገና ጨዋታ በረዶ ላይ ቢወጣ እንዴት ይሆን ነበር ብላችሁ ገምቱ፤ ጠቡም አይቀርም። እኛ ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን እንጂ በዓይናችን አላየንም፤ ቁጥሩን ግን ከእግር ኳስ ቁጥር ይልቅ ወደነዋል። ምክንያቱም በሆኪ በአንድ ጨዋታ አንድ ቡድን ወደ ጎል የሚልከው ምት 30 ያህል ስለሆነ ነው።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። በሊጉ በጠቅላላው ወደ ጎል ከሚላኩ 100 ምቶች 9 ወይም 10 ያህሉ ይገባሉ፤ የቀሩትን በረኛው ያድናል። አሁን የአንድን ቡድን ሁለት ቁጥሮች እንውሰድ። አንደኛው ቡድኑ ከመታቸው 100 ምቶች ስንቱ እንደገቡ ነው። ሁለተኛው የተቃራኒ ቡድን ከመታቸው 100 ምቶች በረኛው ስንቱን እንዳዳነ ነው። እነዚህን ብንደምር ለሊጉ በሙሉ ውጤቱ 100 ይሆናል፤ የአንዱ መግባት የሌላው አለመዳን ነውና። ይህን ድምር ፒ.ዲ.ኦ. ይሉታል። አንድ ቡድን በመጀመሪያው ወር 104 ይዞ በአናት ላይ ቢታይ፣ የሆኪ ተመልካች ጎሉን ትቶ «ስንት ምት መታ? ስንትስ ተመታበት?» ብሎ ይጠይቃል። ከተቃራኒው ያነሰ እየመታ የሚያሸንፍ ቡድን ከሆነ፣ ራሱን ይነቀንቃል።

የ2018–19 የሆኪ ዓመት ለዚህ ብቻ የተጻፈ ተውኔት ይመስላል። የቡፋሎ ቡድን በኅዳር ወር 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ከ25 ጨዋታ በኋላም 36 ነጥብ ይዞ የሊጉ ሁሉ መሪ ሆነ። ለብዙ ዓመት ሲያዝን የኖረው የከተማው ሕዝብ ያን ጊዜ የሆነውን ደስታ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ከአሥሩ ድሎች አብዛኞቹ የተገኙት በአንድ ጎል ልዩነት ነበር። በአንድ ጎል ማሸነፍ ደግሞ፣ አንዲት ምት ከብረቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በመንጠሯ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ቡፋሎ በቀሩት 57 ጨዋታዎች ያገኘው 40 ነጥብ ብቻ ሆኖ፣ ወደ ጥሎ ማለፉ ሳይገባ ዓመቱን በ76 ነጥብ ጨረሰ። በዚያው ዓመት የሴንት ሉዊስ ቡድን በጃንዋሪ መጀመሪያ የሊጉ ሁሉ የመጨረሻ ነበር። በሰኔም የስታንሊን ዋንጫ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አነሣ።

በኅዳር በላውንጁ ብንከራከር ኖሮ ስለ ሴንት ሉዊስ ማን ይናገር ነበር? ማንም። ሆኖም ሴንት ሉዊስ በተአምር አልተነሣም። በኅዳር አሠልጣኙን ለወጠ፤ በጃንዋሪም ጆርዳን ቢኒንግተን የሚባል አዲስ በረኛ አቆመ። ከቡፋሎ የተለየው እዚህ ላይ ነው። በሴንት ሉዊስ በዓመቱ መካከል ጎሉ አፍ ላይ የቆመው ሰው ተለወጠ። ስለዚህ «ይቀጥላልን?» ከማለት በፊት «ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል ባዮች ነን። አሠልጣኝ ነው? በረኛ ነው? አጨዋወት ነው? ወይስ ኳሱ ብቻ ነው የሚገባው?

የጎል አግቢውም ነገር በሆኪ እንዲሁ ነው። ዊልያም ካርልሶን በቀድሞ ቡድኑ በሁለት ዓመት ያገባው 15 ጎል ብቻ ነበር። በ2017–18 ወደ አዲሱ የላስ ቬጋስ ቡድን ሄዶ 43 አገባ፤ ይኸውም ከመታቸው 100 ምቶች 23 ያህሉ ስለ ገቡለት ነው፤ ከተለመደው ከሁለት እጥፍ በላይ። በሚቀጥለው ዓመት 24 አገባ። ከ15 ሲታይ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ከ43 ሲታይ ወድቋል። ሁለቱም እውነት ነው። ተጫዋቹ ቀድሞ ከሚባለው በላይ ነበር፤ ኋላ ከተባለው ደግሞ በታች።

ላስ ቬጋስን ካነሣን ግን፣ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው ወዳጃችን ጽዋውን አስቀምጦ እንደሚስቅብን እናውቃለን። ይህ ቡድን በ2017 አዲስ የተቋቋመ፣ ሌሎቹ 30 ቡድኖች ሊያስቀሯቸው ካልፈለጓቸው ተጫዋቾች የተሰበሰበ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 8ቱን ሲያሸንፍ በሆኪ የሠለጠኑት ሁሉ «አይዘልቅም» አሉ። በዘመን መለወጫቸውም «አይዘልቅም» አሉ። ቡድኑ እስከ ፍጻሜው ዋንጫ ደርሶ በዋሽንግተን ነው የተረታው። ሌስተርም በ2015–16 እንደዚሁ፤ በዓመቱ መጀመሪያ አወራራጆች 5,000 ለ 1 የሰጡት ቡድን ሻምፒዮን ሆነ። እኛ ይህን አንክድም። ነገር ግን ወዳጃችን ሌስተርን የሚጠቅሰው እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጸሎት ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሊሆን የማይችል አለመሆኑን ያሳያል፤ ዘንድሮ የሚሆን መሆኑን አያሳይም። በላስ ቬጋስና በሌስተር አጠገብ ስማቸውን የረሳናቸው ስንት ሃሎች፣ ስንት ቡፋሎዎች አሉ! የተሳካለት ብቻ ስለሚታወስ፣ አእምሯችን ሁሉም የሚሳካለት ይመስለዋል።

ይልቅስ አንድ ነገር ያሳዝነናል። ተአምር የሚሻ ሰው ለምን እስከ ሌስተር ይሄዳል? በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጋችን በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ሌስተር ያፈራ ሊግ በቤታችን እያለ፣ በላውንጁ ስሙን የሚያነሣ አንድ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። የአገራችን ሊግ ለተመራማሪ የሚሆን ሰፊ ሜዳ ነው፤ አዲስ ገቢው እንዲህ በቶሎ የሚያሸንፍበት ምክንያት ምንድን ነው? የነባሮቹ መድከም ነው፣ ወይስ የተጫዋች ዝውውር? ይህን የሚጽፍ ከመካከላችን ቢገኝ ገጻችን ክፍት ነው።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከዚህ ባልጻፍን ነበር። ዳሩ ግን የጥቅምት እምነት በአሁኑ ጊዜ ገንዘብ ያስወጣል። ከቤተሰብ የሚመጣው የወር ወጪ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዱ የመማሪያ ጽሑፍ ማባዣውን፣ አንዳንዱ የመሳፈሪያውን በውርርድ ወረቀት ለውጦ ቅዳሜ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። የተወራረደበትን ምክንያት ብትጠይቁት «አሁን እኮ እየተጫወቱ ነው!» ይላችኋል፤ ሦስት ጨዋታ አሸነፉ ማለቱ ነው። አምስት ቡድን በአንድ ወረቀት አያይዞ «አምስቱም ያሸንፋሉ» ብሎ ያስይዛል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆነን ሒሳብ በመሥራታችን የሒሳብ ክፍል ወዳጆቻችን ይቅር ይበሉን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቡድን ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ የሚያሸንፍ ጠንካራ ቡድን ቢሆን እንኳ፣ አምስቱም በአንድ ቀን የሚያሸንፉት ከ100 ወረቀት በ8ቱ ያህል ብቻ ነው። 92ቱ ወረቀት ወለል ላይ ይጣላል። አወራራጁም የሚከፍለውን የሚወስነው የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ቀንሶ ነው። ሃል ሲቲ በጥቅምት እንደ ሻምፒዮን ሲታይ የተደሰተው የሃል ሰው ብቻ አልነበረም፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት በሃል ላይ የተያዘውን ገንዘብ የሰበሰበውም ሰው ተደስቷል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «እንግዲያው ደጋፊ ምን ይሁን? ቁጥር እያነበበ ዝም ይበል?» እንደሚሉን ይገባናል። ከቶ አንልም! የቡፋሎ ሰዎች በዚያ ኅዳር የተደሰቱት ደስታ ሐሰት አልነበረም። አሥር ጊዜ ማሸነፍ አሥር ጊዜ ማሸነፍ ነው፤ ኋላ ስለ ተሸነፉ ያኔ የጨፈሩት አይሰረዝም። ደጋፊ ይጩኽ፤ መዝሙሩን ይዘምር። ጩኸቱን ግን ማስረጃ ነው ብሎ አያቅርብልን፤ ከእርሱ ጋር ያልጮኸውንም «አላዋቂ» አይበለው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በላውንጁ በር ላይ፣ ከማስታወቂያው ሰሌዳ በስተግራ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት ይለጠፋል። ማንም «ይቀጥላል» ወይም «አይቀጥልም» የሚል ተማሪ ስሙን፣ የቡድኑን ስም፣ በግንቦት የሚጠብቀውን ደረጃና ነጥብ፣ እንዲሁም በአንድ መስመር ምክንያቱን ይጽፋል። ስለ ጎል አግቢ የሚናገር ደግሞ የጎሉን ብዛት ይጽፋል። «ሌስተር» የሚለው ቃል በምክንያት ረድፍ ላይ አይቈጠርም። የታኅሣሡም ተጠራጣሪ እንደ ሌላው ይጻፍ፤ «እናያለን» ብሎ ማምለጥ አይፈቀድለትም። ወረቀቱ በኅዳር መጀመሪያ ወርዶ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፤ ሊጉ ሲያበቃም እንዳለ በዚህ መጽሔት ይታተማል፣ ስም ሳይቀነስ፣ ፊደል ሳይታረም። ገንዘብ አይያዝም። አጻጻፉ በቀለም ይሁን፤ በእርሳስ የተጻፈ አንቀበልም፤ ባለፈው ዓመት የማኅበሩ ምርጫ ወረቀት በላጲስ ምን እንደ ሆነ አልረሳነውምና።